የምርምር ፍሬ ወደ ንግድ ስለሚሻገርበት መንገድ

ምርምር ወደ ንግድ ተለወጠ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፋብሪካንና አዲስ መኪናን ነው። ይሁን እንጂ እኛ በምንኖርበት በአወቱ መንደራና በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች ምርምር የደረሰው በችግኝ መልክ ነው። ይኸውም እንዴት እንደ ሆነ ማወቁ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገና ያልበሰለውን ፍሬ የሚያጠቁረው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ የታየው በ1971 ነው። መድኀኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ ከዐቅም በላይ ነበር። ነገር ግን የአረቢካ ቡና የትውልድ አገሩ የእኛው ደን ስለ ሆነ፥ በሽታው የማይጥላቸው ዛፎች በመካከሉ ተገኙ። በጅማ አጠገብ በመልኮ የምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ባለሞያዎች ከ1973 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ዛፎች መርጠው፥ ዘራቸውንም ፈትነው፥ የተሻሉትን ለገበሬ አወጡ። 74110 እና 74112 የተባሉት ከኢሉባቦር የተመረጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን 1974ን፥ የቀረው ቁጥር የዛፉን ተራ ያመለክታል። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች በውጭ አገር በቡና ከረጢት ላይ እንደ ስም ታትመው ይሸጣሉ።

ከመዝገብ ወደ ገበያ ያሻገራቸው ምንድን ነው? አንደኛ፥ የአረቢካ አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ፥ የተመረጠው ዛፍ ዘር እናቱን ይመስላል፤ ስለዚህ ችግኝ አፍዪው ያለ ላቦራቶሪ ሊያባዛው ይችላል። እንደ አባቡና ያሉት ዲቃላዎች ግን በእጅ መዳቀል ወይም ከቁራጭ መባዛት ስላለባቸው ሥርጭታቸው አዝጋሚ ነው። ሁለተኛ፥ የቡና ዘር የመብቀል ኀይሉን ቶሎ ያጣልና፥ ቀይ ፍሬ ለቅሞ፥ በጥላ አድርቆ በጊዜው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ ተክሉ የመጀመሪያ ፍሬውን የሚሰጠው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ስለ ሆነ፥ እስከዚያ የሚታገሥ ገንዘብ ያሻል።

የዩኒቨርሲቲ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። መልኮ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እንጂ የዩኒቨርሲቲ ክፍል አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን በ1999 ሲቋቋም፥ በ1952 ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ያደገውን ኮሌጅ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር አዋሕዶ ነው። ስለዚህ አግሮኖሚውም፥ የሒሳብ ዐዋቂውም፥ መሐንዲሱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የዘሩን ንጽሕና ይመርምር፤ ሁለተኛው ችግኝ አፍዪው ወጪውንና ትርፉን እንዲያሰላ ያስተምር፤ ሦስተኛው የመፈልፈያውንና የማድረቂያውን ሥራ ያሻሽል። አንድ ትንሽ የችግኝ መደብ የሦስቱንም እጅ ይፈልጋል።

እንግዲህ ጥናታችንን ከማስረከባችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ያባዛዋል? ማን በጊዜው ያደርሰዋል? ፍሬው እስኪመጣስ ወጪውን ማን ይችላል? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ጥናት መደብ እንዳጣ የቡና ዘር ነው፤ የመብቀል ኀይሉ በመደርደሪያ ላይ ያልቃል።