ገንዘቡ ሲያዝ ሕጉ ወዴት አመራ? በ1998ቱ የበጀት ድጋፍ ውዝግብ የኢሕአዴግ የሕግ አወጣጥ ቅድሚያዎችና የወረዳው ዕጣ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ዞን የወረባቦ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቢስቲማ የሚያስተምር መምህር ወይም በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ደመወዙ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ቢስቲማ ከመድረሱ በፊት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ማለፍ አለበት። በ1998 ዓ.ም. ይህ መንገድ ገና ከምንጩ ተናግቶ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ውዝግብ ወቅትና በተከታዮቹ ዓመታት ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ በሕግ አወጣጥ ረገድ ለየትኞቹ ጉዳዮች ቅድሚያ እንደሰጠ፣ ይህም ለወረዳው ምን ትርጉም እንደነበረው ማብራራት ነው።

የገንዘቡ መንገድ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። ዓመታዊውን የፌዴራል በጀት የሚያጸድቀው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልሉ የደረሰውን ድርሻ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ይህ ድርሻ በጥቅል በጀት መልክ ለወረዳ መሰጠት ጀመረ። የወረዳው ምክር ቤትም ገንዘቡን በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርናና በሌሎች ዘርፎች መደልደል ቻለ። ሆኖም ከመደበኛው የወረዳ በጀት ከፍተኛውን እጅ የሚወስደው ደመወዝ በመሆኑ የድጎማው መቀነስ በቅድሚያ የሚነካው መምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የግብርና ልማት ሠራተኛውን ነው።

በአሜሪካ የበጀት ውዝግብ የሚነሣው በሕግ አውጪውና በአስፈጻሚው መካከል፣ ወይም በራሱ በሕግ አውጪው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2019 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በከፊል ለ35 ቀናት የተዘጉት በዚህ ምክንያት ነበር። በኢትዮጵያ የፓርላማ ሥርዓት ግን መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ወንበር ያለው ወገን ስለሆነ በጀት በምክር ቤቱ ውድቅ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ የ1998ቱ ውዝግብ የመጣው ከምክር ቤቱ ሳይሆን ከውጭ ነበር።

ውዝግቡ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 እንዳገኙ ተገለጸ። ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልተቀበሉም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ለምክር ቤቱ አስታውቋል። የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ።

ይህን ተከትሎ የዓለም ባንክን ጨምሮ ለጋሾች 375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመተውን ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። ቀጥተኛ ድጋፍ በቀጥታ ወደ ፌዴራል ግምጃ ቤት የሚገባና ከሌላው ገቢ ጋር የሚቀላቀል በመሆኑ በመንግሥት ላይ ያለ እምነት መግለጫ ተደርጎ ይታያል። ድጋፉን ፈጽሞ ማቆም ደግሞ በምርጫው ውዝግብ እጁ የሌለበትን የገጠር ነዋሪ መቅጣት ነበር። መካከለኛው መፍትሔ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሆነ። የዓለም ባንክ በግንቦት 1998 ዓ.ም. ለዚሁ 215 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ገንዘቡ በዚያው በድጎማው መስመር ወደ ክልልና ወደ ወረዳ እንዲወርድ፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለውኃ እንዲውል፣ የወረዳ በጀትም ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ ተወሰነ።

የፓርቲው ቅድሚያዎች

በገንዘቡ ረገድ ፓርቲው የድጎማውን መስመር ጠብቆ ማቆየትን መረጠ። መሠረቱ አርሶ አደሩ እንደሆነ የሚናገር ፓርቲ የወረዳው ደመወዝ ቢቋረጥበት የሚደርስበትን ጉዳት መገመት አያዳግትም። በሕግ አወጣጥ ረገድ የተከተለው አቅጣጫ ግን ሌላ ነበር፤ ይህም በሦስት መስኮች ይታያል።

የመጀመሪያው የምክር ቤቱ አሠራር ነው። ተሰናባቹ ምክር ቤት ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አጀንዳ ለማስያዝ የአብላጫ አባላት ድጋፍ እንዲያስፈልግ ደነገገ፤ ቀደም ሲል 20 አባላት ይበቁ ነበር። ደንቡ በኋላ እንደገና ቢሻሻልም አዲሱ ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው በዚህ ጥላ ሥር ነበር።

ሁለተኛው የፖለቲካና የሲቪክ ምኅዳሩን የሚገዙ ሕጎች ናቸው። የምርጫ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 532/1999፣ የፓርቲዎች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 573/2000፣ የመገናኛ ብዙኃን ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደነገጉ። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ተከተሉ። ከገንዘብ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው አዋጅ 621 ነው፤ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች መስክ እንዳይሠሩ ከልክሏል።

ሦስተኛው የታችኛው እርከን ነው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ወንበሮች በእጅጉ ተበራክተው በአገር ደረጃ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ አብዛኞቹንም ኢሕአዴግ ያዘ። በጀቱን የሚደለድለው ምክር ቤትና በጀቱን የሚያስፈጽመው አስተዳደር በአንድ ፓርቲ እጅ ገቡ።

ማጠቃለያ

የጊዜ ቅደም ተከተል ብቻውን የምክንያትና የውጤት ማስረጃ አይሆንም፤ የምርጫው ድንጋጤ ያለ ውዝግቡም ተመሳሳይ ሕጎችን ሊወልድ ይችል ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አንድ ነገር ያስተምራል። ለጋሾች ጥያቄ ያነሡት በፖለቲካው ላይ ሲሆን መፍትሔ ያገኘው ግን የአገልግሎቱ ገንዘብ ነው። አዋጅ 621 የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011፣ አዋጅ 652 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ነው።

በቢስቲማ ዓይን ሲታይ ውጤቱ ሁለት ገጽ አለው። የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ የሚወርድበት መስመር ተጠብቋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በሰሌዳ የተለጠፈ የበጀት ሠንጠረዥ ሥራውን የሚሠራው አንብቦ የሚጠይቅ ሰው፣ ጥያቄውን የሚያነሣበት ማኅበርና ከአንድ በላይ ድምፅ የሚሰማበት ምክር ቤት ሲኖሩ ነው። በእነዚያ ዓመታት ገንዘቡ ወረዳ ሲደርስ፣ ጠያቂው ግን በሕግ እየጠበበ በሄደ ምኅዳር ውስጥ ቀርቷል።