ጂሚ ኦኬሶንና የስዊድን ዴሞክራቶች ፓርቲ

በ1998 ምርጫ ከመቶ ግማሽ ያህል እንኳ ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ በ2022 ከአገሩ ፓርቲዎች ሁለተኛው ለመሆን የበቃው እንዴት ነው? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰዎች መልሱን በስደተኞች መብዛት ብቻ ይፈጽሙታል። ይህ መልስ ግማሹን ይነግረናል። የቀረውን ግማሽ ለማግኘት የፓርቲውን መሪ የሚስተር ጂሚ ኦኬሶንን ሕይወትና የባላንጣዎቻቸውን አያያዝ አብሮ መመልከት ያስፈልጋል።

የስዊድን ዴሞክራቶች የተባለው ፓርቲ የተመሠረተው በ1988 በስቶክሆልም ነው። መሥራቾቹ ከየት እንደ መጡ መሸፋፈን አይቻልም። የመጀመሪያው የሒሳብ መርማሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ኤስ.ኤስ. ጦር ጋራ የተሰለፈ ሰው ነበር፤ ከቀደሙት መሪዎች አንዱ የነበረው አንደሽ ክላርስትረምም አስቀድሞ የአንድ ናዚ ፓርቲ አባል ነበር። በ1995 መሪነቱን የያዘው ሚካኤል ያንሶን በሰልፍ ላይ የደንብ ልብስ መልበስን ቢከለክልም ስሙ ወዲያው አልጠራም።

ሚስተር ኦኬሶን የተወለዱት በሜይ 17 ቀን 1979 ሲሆን ያደጉት በደቡብ ስዊድን በሶልቨስቦሪ ከተማ ነው። በ19 ዓመታቸው የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ሌላም ትምህርት ቢከታተሉ ዲግሪ አልያዙም፤ ነገር ግን ቢዮርን ሴደር፣ ማቲያስ ካርልሶንና ሪካርድ ዮምስሆፍ ከተባሉት ወጣቶች ጋራ ሆነው «አራቱ» እየተባለ የሚጠራውን ቡድን አቋቋሙ። በ2005 በፓርቲው ጉባኤ ሚካኤል ያንሶንን አሸንፈው ሊቀ መንበር ሲሆኑ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ።

ወጣቱ መሪ የጀመሩት ከመልክ ነው። ከብሪታንያው ናሽናል ፍሮንት የተቀዳው የችቦ ዓርማ በ2006 ተነሥቶ በሰማያዊ የዱር አበባ ተተካ። የሶሻል ዴሞክራቱ ፔር አልቢን ሃንሶን በ1928 ያስተዋወቁትን «የሕዝብ ቤት» የሚለውን አነጋገር ሚስተር ኦኬሶን የራሳቸው አደረጉት፤ ሠራተኛው መራጭ የአባቱን ፓርቲ ቢተው እንኳ የአባቱን ቋንቋ እንዲሰማ ነው። ብልህ አሳብ ነበር። ሆኖም አበባው የችቦውን ቦታ ሲይዝ ትምህርቱ አልለዘበም፤ በ2009 በአንድ ጋዜጣ ላይ ሙስሊሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለስዊድን ትልቁ የውጭ አደጋ እንደ ሆኑ ጻፉ።

በ2010 ፓርቲው 5.7 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ፣ ማለት 4 ከመቶ የሆነውን የመግቢያ ወሰን አልፎ፣ ከ349 የፓርላማ ወንበሮች 20ውን ያዘ። በዚያች ሌሊት የግራ ፓርቲ መሪ ላርስ ኡሊ ከሚስተር ኦኬሶን ጋራ በአንድ የቴሌቪዥን መኳኳያ ክፍል አልቀመጥም ብለው ወጡ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የዘመኑን መንፈስ ግን ያሳያል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍሬድሪክ ራይንፌልትም በ2011 ከአረንጓዴዎች ጋራ የስደተኞችን ጉዳይ ተስማምተው ያዙ፤ ዓላማው አዲሱን ፓርቲ ከጉዳዩ ማራቅ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ስለ ስደተኞች የተለየ አሳብ ያለው መራጭ ሁሉ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት መልስ ስለሚያገኝ ሊሄድበት የሚችለው ደጅ አንድ ብቻ ሆነ። በ2014 የፓርቲው ድምፅ 12.9 ከመቶ፣ ወንበሩም 49 ደረሰ።

ሚስተር ኦኬሶን ግን ከዚያ ድል በኋላ ወዲያው በድካም ታመው እስከ 2015 ድረስ ከሥራ ራቁ። እርሳቸው በሌሉበት፣ በዲሴምበር 2014፣ ፓርቲው ለተቃዋሚዎቹ በጀት ድምፁን ሰጥቶ የመንግሥቱን በጀት ጣለ። ሌሎቹም ፓርቲዎች የጥቂት ወንበር መንግሥት በጀቱን እንዲያሳልፍ ተስማሙ፤ ስምምነቱ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ።

በ2015 ከሶርያ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከኢራቅ፣ ከአፍሪካ ቀንድም ጭምር 162,877 ሰዎች በስዊድን ጥገኝነት ጠየቁ። በኖቬምበር ወር የሶሻል ዴሞክራቶችና የአረንጓዴዎች መንግሥት ራሱ ሕጉን አጠበቀ። ትናንት ነውር የነበረው ንግግር የመንግሥት ሥራ ሲሆን ሚስተር ኦኬሶን ወደ መኻል መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ መኻሉ ወደ እርሳቸው መጣ። በዚያው ዓመት የወጣቶቹን ማኅበር መሪዎች ከፓርቲው አስወጥተው ከማኅበሩ ጋራ ተለያዩ። ማጽዳቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጋዜጦች ነገሩን ካወጡ በኋላ ነው።

በ2018 ፓርቲው 17.5 ከመቶ ሲያገኝ መንግሥት ለመመሥረት ከአራት ወር በላይ ፈጀ። በ2019 የክርስቲያን ዴሞክራቶችና የሞዴራቶች መሪዎች አንድ በአንድ ከሚስተር ኦኬሶን ጋራ ለመነጋገር ተቀመጡ። በጁን 2021 ፓርቲው ባቀረበው አሳብ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሌቬን እምነት የማጣት ድምፅ ተሰጠባቸው፤ በስዊድን ታሪክ እንዲህ የተሸነፈ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዚያ በፊት አልነበረም።

በ2022 የስዊድን ዴሞክራቶች 20.5 ከመቶና 73 ወንበር ሲያገኙ ሞዴራቶቹ 68 ብቻ አገኙ። ያም ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሞዴራቶቹ መሪ ኡልፍ ክሪስተርሶን ናቸው፤ ሊበራሎቹ የብሔርተኞቹን ሚኒስትሮች አንቀበልም ብለው ነበርና። በኦክቶበር 2022 በቲዴ ግንብ በተፈረመው ስምምነት ሚስተር ኦኬሶን ያለ አንድ ሚኒስትር ቀሩ፤ በምትኩ ግን ሹማምንቶቻቸው በመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ረቂቁን ሁሉ አስቀድመው እንዲያዩ ሆነ፤ የስደተኞችና የወንጀል ፖሊሲም በብዙው እርሳቸው እንደሚሹት ተጻፈ። ከሥልጣኑ ሲካፈሉ ከኀላፊነቱ ግን ግማሹን ለሌሎች ተዉ ማለት ነው።

ይህ አቀማመጥ ለፓርቲው ምን ያህል እንደ ጠቀመው በጁን 2024 በተደረገው የአውሮጳ ፓርላማ ምርጫ በመጠኑ ታየ። በ2019 ያገኘው 15.3 ከመቶ ወደ 13.2 ወረደ፤ ፓርቲውም ከአረንጓዴዎቹ በታች በአራተኛ ደረጃ ተገኘ።