የካርቶኑን ሳይሆን የጀርባውን ዋት ያንብቡ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆም ቴአትር ለመግዛት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ የሚል ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው። በአንዱ ላይ «3000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ከጎኑ ባለው ላይ ደግሞ «5000 ዋት»። ሻጩ ሙዚቃውን ለቀቅ ያደርጋል፤ የመደርደሪያው መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ገዢውም «ይሄስ ድምፅ አለው» ብሎ ኪሱን ይፈታል። ዕቃው የሚኖረው ግን ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ሦስት በአራት ሜትር በሆነች፣ ሶፋና ቡፌ ባጣበባት ሳሎን ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ካርቶኑ ተመልሶ ይመጣል። «ንግግሩ አይሰማም፤ ጉምጉምታ ብቻ ነው» የሚለው ቅሬታ ለሻጩ አዲስ አይደለም።

እንዲህ ያለው ምልልስ ለሁለቱም ወገን ኪሳራ ነው። ዕቃው አባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከመርካቶ የመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ያየ ነጋዴ፣ አንድ ካርቶን መልሶ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ስለተወደደ፣ ያለ ስሌት መግዛት እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚታለፍ ስህተት አይደለም።

5000 ዋት ከየት መጣ?

በካርቶኑ ፊት ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚባለው ነው። ይህ አምራቾች የተስማሙበት ወጥ መለኪያ የሌለው፣ ለዓይነ ግቡነት የሚለጠፍ ቁጥር ነው። ገዢው መፈለግ ያለበት «አር.ኤም.ኤስ.» የሚለውን ነው፤ ይኸውም ዕቃው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው።

እሱ ካልተጻፈ ዕቃውን ማዞርና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። እዚያ ከሶኬቱ የሚስበው ኃይል ይገኛል። ፊቱ ላይ 3000 ዋት ያለው ዕቃ ጀርባው ላይ 60 ዋት ቢል አይግረምዎ። የጀርባው ቁጥር ልኩን በትክክል ባይናገርም ከእውነቱ ሃምሳ እጥፍ ሊርቅ አይችልም። አንድ ጣሳ እህል አስገብተውበት ሃምሳ ጣሳ ዱቄት የሚያወጣ ወፍጮ የለም። ከሚስበው ኃይልም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ብሩን ለአር.ኤም.ኤስ. ዋት ያካፍሉ። ለስሌት ያህል፣ 12,000 ብር የሚጠየቅበት 40 ዋት ዕቃ ለአንድ ዋት 300 ብር ያስወጣል። 10,000 ብር የሚባለው 20 ዋት ዕቃ ግን 500 ብር ይደርሳል። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው።

ደግሞስ ስንት ዋት ያስፈልጋል? ለትንሽ ሳሎን ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ወይም 30 እውነተኛ ዋት ተርፎ ይበቃል። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ ድምፁን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ በ30 እና በ40 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ የሚለየው በጭንቅ ነው።

አምስት ስፒከር ወይስ ሁለት?

«አምስት ነጥብ አንድ» የሚባለው አደራደር አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ማለት ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በዲጂታል ድምፅ ለሲኒማ የተስፋፋ አሠራር ሲሆን፣ ጥቅም የሚሰጠው ፊልሙ ራሱ በዚያ መልክ ሲቀዳ ነው። በዲሽ የሚታየው ድራማና ዜና ወይም በፍላሽ የሚዞረው ሙዚቃ ባብዛኛው ሁለት ድምፅ ያለው ስቴሪዮ ነው። የኋላ ስፒከሮቹ ያንኑ ከመድገም የተለየ ሥራ አይኖራቸውም።

የቦታውም ነገር አለ። የኋላ ስፒከር ከተቀማጩ ጀርባ መራቅ ይኖርበታል፤ በጠባብ ሳሎን ግን ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ላይ በአንድ ዋጋ አምስት ስፒከር ሲሠራ እያንዳንዱ ከቡና ሲኒ ብዙም የማይሰፋ ይሆናል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ መጠነኛ ሰብዉፈር ቢገዛ ይሻላል። ቦታ ጨርሶ ከሌለ ሳውንድ ባር መልካም ነው። ሆኖም ቴሌቪዥኑ «ኤ.አር.ሲ.» የተባለው ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ወይም ኦፕቲካል መውጫ እንዳለው አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ቤቱም የዕቃው አካል ነው

አራት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ የሆነውን ወፍራም ድምፅ ብቻውን ነጥሎ ያጎላል። ሦስት ሜትሩ ደግሞ 57 ኸርዝ ገደማውን ያነሳል። ወርዱና ቁመቱ እኩል ከሆነ ሁለቱ ይደራረቡና ክፍሉ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ሰብዉፈሩን ማዕዘን ውስጥ መወተፍ ይህንኑ ያብሳል። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ሰብዉፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ሙዚቃ መክፈት፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ክፍሉን እየዞሩ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ሳይጎመጉም ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው።

በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ ባዶ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚመልስ ንግግር ይደበላለቃል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቡልኮ ይህን ያለዝበዋል፤ ወፍራሙን ድምፅ ግን ጨርቅ አያስቆመውም። ወፍራሙ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ዘንድ ይገባል። ተከራይ በተደረደረበት ግቢ ትልቅ ሰብዉፈር መግዛት ከአከራይ ጋር ጠብ መግዛት ነው። ለፔንሲዮን ክፍሎች ዕቃ የሚያሟሉ ባለሀብቶችም ይህን ቢያስቡበት ደንበኛቸው እንቅልፍ ያገኛል።

ደጋውና መብራቱ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአንዳንድ የቻይና ሥሪት ዕቃዎችና አዳፕተሮች ጀርባ ግን የተራራ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት አለ። ይህም ዕቃው ከዚያ ከፍታ በታች ለሚሠራበት አገር ብቻ የተመዘነ ነው ማለት ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀትን በሚገባ አያወጣም፤ ኤሌክትሪክም ክፍተት ዘልሎ ለመሻገር ይቀለዋል። ዕቃው ያን ዕለት ይቃጠላል ባይባልም፣ ምልክት የሌለበትን መምረጥና ከኋላውና ከላዩ ክፍት ቦታ መተው ብልህነት ነው። የቡፌ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ዳንቴል ማልበስ ለዕቃው ደግ አይደለም።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው 110 ቮልት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ የዚያኑ ዕለት ይጋያል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ለስታቢላይዘር የሚወጣው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን መንቀል ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

የራስዎን ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ የሚከፍተው ሙዚቃ ለሻጩ የሚስማማው ነው። እርስዎ ግን አንድ ዜና ወይም ድራማ፣ አንድ ደግሞ መሲንቆ ያለበት ዘፈን ያሰሙ። ድምፁን ዝቅ አድርገው እያንዳንዱ ቃል መለየቱን ይመልከቱ። ቀጥሎ ሙዚቃውን አጥፍተው ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፤ የሚያንሾካሹክ ወይም የሚጎመዥር ከሆነ ይተውት። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በሁለቱም ስፒከሮች በየቦታው መግባቱንም ያረጋግጡ። በአንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ደህናው ዕቃ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ነጋዴውስ? አር.ኤም.ኤሱን በወረቀት ጽፎ ዕቃው ላይ ቢለጥፍ «5000 ዋት» ከሚለው ጎረቤቱ ለጊዜው ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን የሸጠው ዕቃ ከሳሎኑ አይመለስበትም። አንድ ካርቶን ከመርካቶ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ የሚያስወጣውን የሚያውቅ ነጋዴ፣ ያልተመለሰ ዕቃ ትርፍ መሆኑን አያጣውም።