የከፍተኛ ጥራት ካሜራ ቀረጻን ለአርትዖት ስለመቀየር፦ ቅርስና ባህል ለሚቀርጹ ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የአብነት ትምህርት ሥር የሰደደባቸው አካባቢዎች ናቸው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ይህ ዕውቀት በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። የዜማው አወጣጥ፣ የመቋሚያው ስልት፣ የጸናጽሉና የከበሮው ቅንጅት ከመምህሩ አፍና እጅ በቀጥታ የሚቀሰም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነትም እንዲህ ያለውን ቅርስ መለየትና መሰነድ ከጥበቃ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል።

በዕድሜ የገፉ መምህራንን፣ የማኅሌት ሥርዓትን፣ የሠርግና የልቅሶ ዜማዎችን በካሜራ የሚቀርጹ ወጣቶችና ማኅበራት ቀረጻውን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ግን ብዙ ጊዜ እክል ያጋጥማቸዋል። ፋይሉ በካሜራው ላይ እየታየ በአርትዖት ፕሮግራሙ አልከፈት ይላል፤ ወይም ምስሉ ይታይና ድምፁ አይሰማም፤ ወይም ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። መፍትሔው የፋይሉን ዓይነት በአግባቡ መቀየር ነው። በተሳሳተ መንገድ የተቀየረና ዋናው ቅጂው የጠፋ ቀረጻ ግን ሊመለስ አይችልም።

የችግሩ ምንጭ

አንድ የቪዲዮ ፋይል ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ እነርሱም መያዣውና የምስሉ አጻጻፍ ናቸው። መያዣው በማኅደር፣ አጻጻፉ ደግሞ በማኅደሩ ውስጥ ባለው መጽሐፍ ሊመሰል ይችላል። ማኅደሩ ቢቀየር የመጽሐፉ ቃል አይለወጥም፤ መጽሐፉ በሌላ እጅ ሲገለበጥ ግን ስሕተት ሊገባበት ይችላል።

ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው አሠራር ምስሉን በኤች.264 ጨምቆ በኤምቲኤስ ፋይል ያስቀምጣል። ኤች.264 ቦታ ለመቆጠብ ሲል እያንዳንዱን ፍሬም በሙሉ አይጽፍም፤ ከጥቂት ሙሉ ፍሬሞች በኋላ በመካከል የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ለማየት የሚመች ቢሆንም በአርትዖት ጊዜ አንድን ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ማስላት ይኖርበታል። የመንቀራፈፉ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስት የአቀያየር መንገዶች

የመጀመሪያው መያዣውን ብቻ መቀየር ነው። ኤምቲኤስ የነበረው ፋይል ምስሉ ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ወይም ወደ ኤምኦቪ ይዛወራል። ሥራው ፈጣን ሲሆን ጥራትን አይቀንስም። ኮምፒውተሩ ጠንካራ ሆኖ ፕሮግራሙ መያዣውን ብቻ ካልተቀበለ ይህ በቂ ነው። ድምፁ ብቻ የማይሰማ ከሆነም ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ወዳልተጨመቀ ድምፅ መለወጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ለአርትዖት ወደተዘጋጀ ዓይነት መቀየር ነው። ፕሮሬስና ዲኤንኤክስኤችዲ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚጽፉ አርትዖቱ ይቀላል፤ የሚይዙት ቦታ ግን ሰፊ ነው። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 11 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ያው ቀረጻ በሰከንድ 25 ፍሬም ወደ ፕሮሬስ 422 ሲቀየር 55 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ማኅሌት የሚቀርጽ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጊዜያዊ ቀላል ቅጂ ማዘጋጀት ነው። አርትዖቱ በቀላሉ ቅጂ ይሠራና በመጨረሻ ፕሮግራሙ ከዋናው ፋይል ጋር ያገናኘዋል። አነስተኛ ኮምፒውተር ላላቸው ተመራጭ ነው። የቅጂው ስምና የፍሬም ፍጥነት ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ኤፍኤፍኤምፔግና ሻተር ኢንኮደር ሦስቱንም ያለ ክፍያ ያከናውናሉ። ሀንድብሬክም ነፃ ነው፤ ይሁንና ምስሉን ሁልጊዜ እንደገና ስለሚጨምቅ የሚያገለግለው ለመጨረሻ ማሰራጫ ቅጂ እንጂ ለአርትዖት አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. የካሜራው ካርድ ሙሉ አቃፊ እንዳለ ይገለበጣል። ረጅም ቀረጻ በካርዱ ላይ በበርካታ ፋይሎች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ ነጠላ ፋይሎችን መርጦ መውሰድ በመጋጠሚያው ላይ የዜማ መቆራረጥ ሊያስከትል ይችላል።

2. ቅጂው ተከፍቶ እስከ መጨረሻው መድረሱ ይረጋገጣል። ይህ ሳይሆን ካርዱ አይጠፋም፤ ለሌላ ቀረጻም አይውልም።

3. የፋይሉ የምስል ስፋት፣ የፍሬም ፍጥነትና የድምፅ ዓይነት ተመዝግቦ ሲቀየርም እንዳለ ይጠበቃል። በ25 ፍሬም የተቀረጸውን ወደ 30 መቀየር እንቅስቃሴውን ያንገጫግጨዋል።

4. በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ፍጥነቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ይቀየራል። ይህ ካልተደረገ በረጅም ቀረጻ ውስጥ የከበሮው ድምፅ ከመቺው እጅ ቀስ በቀስ ሊለያይ ይችላል።

5. በቅድሚያ የአንድ ደቂቃ ቅንጭብ ተቀይሮ ይፈተሻል። ጸናጽል የሚሰማበትና ብርሃኑ የደበዘዘበት ክፍል ቢመረጥ መልካም ነው፤ ከመጠን ያለፈ መጭመቅ አስቀድሞ የሚጎዳው የጸናጽሉን ቀጭን ድምፅና የመቅደሱን ጥላማ ምስል ነውና።

6. ኤሌክትሪክ በመካከል ቢቋረጥ ያልተጠናቀቀው ፋይል ይወገድና ሥራው ከዋናው ቅጂ እንደገና ይጀመራል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጉዳዮች

ቅየራ በቀረጻው ያልነበረን ጥራት አይጨምርም። ደጋግሞ መጭመቅ ግን በየጊዜው ከነበረው ይቀንሳል፤ ስለሆነም እያንዳንዱ አዲስ ቅጂ ከዋናው እንጂ በስልክ ሲዘዋወር ከቆየ ቅጂ መሠራት የለበትም።

ዋናው ቀረጻ ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ይመከራል። ለምሳሌ ሁለቱ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቢቀመጡ ሦስተኛው በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር ሊሆን ይችላል። ለኢንተርኔትና ለስልክ የሚሆነው የኤምፒ4 ቅጂ ለሥርጭት የሚያገለግል በመሆኑ የዋናውን ቦታ አይተካም።

ከመቅረጽ በፊት የመምህሩና የደብሩ አስተዳደር ፈቃድ ሊገኝ ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም የመብት ጥበቃ ያደርጋል። ከፈቃዱ ጋር ቀረጻው ለምን ዓላማ እንደሚውል በጽሑፍ ቢሰፍር ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

ለመንግሥት አካል ስለማስረከብ

ቀረጻውን ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለማስረከብ የሚፈልጉ ተገልጋዮች ተቀባዩ ክፍል የሚያስፈልገውን የፋይል ዓይነት አስቀድመው ቢጠይቁ ከድርብ ሥራ ይድናሉ። ከተቻለም ያልተነካው ዋና ቅጂና የተስተካከለው ቅጂ በአንድነት ይሰጣሉ። ከፋይሉ ጋር የሥርዓቱ ስም፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ የመምህሩ ሙሉ ስም ከነማዕረጉ፣ የቀራጩ ስምና የፈቃዱ ግልባጭ ሊያያዝ ይገባል። መምህሩ ማን እንደሆኑና ምን እንዳዜሙ ያልተጻፈበት ቀረጻ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ ለተመራማሪም ለተማሪም የሚሰጠው ጥቅም ውስን ነው።