ጭስን ከመሳል አየርን ወደ ማስላት

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ዋጃ አካባቢ፣ በበጋ አዋራ ተሽከርክሮ ሲነሣ ዓይን የሚያየው አፈሩን ነው፤ የሚያሽከረክረው አየር አይታይም። ለፊልም ጭስ በኮምፒውተር የሚሠሩ ባለሙያዎችም የጀመሩት ከሚታየው ነበር። ወደማይታየው ለመድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1982 በወጣው «ስታር ትሬክ 2» አንዲት ፕላኔት በእሳት ስትዋጥ ይታያል። የሉካስፊልሙ ዊሊያም ሪቭስ እሳቱን የሠራው በብዙ ሺህ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ለእያንዳንዷ የምትወለድበት ጊዜ፣ ፍጥነትና ዕድሜ ተሰጥቷታል። ለብልጭታ ግሩም ነው፤ ለጭስ ግን አይበቃም፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይገፋፉምና። በ1985 ኬን ፐርሊን ያቀረበው «ኖይዝ» የተባለ የዘፈቀደ ንድፍ ለደመናና ለጭስ መልክ ሰጠ። ቆሞ ሲታይ ያሳምናል፤ ሲንቀሳቀስ ግን አየር እንዳልነዳው ያስታውቃል።

የአየር ፍሰት ቀመር ከናቪየርና ከስቶክስ ጀምሮ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ የታወቀ ነው። ችግሩ ስሌቱ ነበር። በ1997 ኒክ ፎስተርና ዲሚትሪ ሜታክሳስ ቦታውን በትንንሽ ኩቦች ከፍለው የጋለ ጋዝን ፍጥነትና ሙቀት አሰሉ። ነገር ግን ጊዜው በጣም በትንሹ ካልተቆራረጠ ቁጥሩ ከቁጥጥር ይወጣል፣ ጭሱም ይበታተናል።

ለእኔ ትልቁ መታጠፊያ የ1999ኙ የጆስ ስታም ሥራ ነው። ስታም «ይህ አየር ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እዚህ ያለው አየር ከየት መጣ?» ብሎ ነፋሱን ወደ ኋላ ተከተለ። የሚያገኘው ቁጥር ቀድሞ የነበሩት አጎራባች ቁጥሮች አማካይ ስለሆነ ስሌቱ ሊፈነዳ አይችልም። ዋጋም አስከፍሏል፤ ማማከሉ ትንንሾቹን ሽክርክሪቶች በላቸውና ጭሱ ወፍራምና ሰነፍ ሆነ። በ2001 ፌድኪው፣ ስታምና ጄንሰን ሽክርክሪቱ የደከመበትን ቦታ ፈልገው ኃይል መለሱለት። የ2008ቱ «ዌቭሌት ተርቡለንስ» የተባለ ዘዴ ደግሞ ጥቃቅኑን ዝርዝር ዋናው ስሌት ካለቀ በኋላ ለመጨመር አስቻለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ መሣሪያው ወደ ብዙ ሰው የመድረሱ ታሪክ ነው። በነጻ የሚገኘው የአኒሜሽን ፕሮግራም ብሌንደር በ2020 በ2.82 እትሙ ማንታፍሎው የተባለውን የጭስና የፈሳሽ ማስያ አካተተ። ስለዚህ ቆቦ ላይ ላፕቶፕ ያለው ወጣት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የተመኩበትን የስሌት ዘዴ በእጁ አስገብቷል፤ የሚያንሰው ሜሞሪ ነው፣ ጥራቱን በየጎኑ እጥፍ ሲያደርግ ኩቦቹ ስምንት እጥፍ ይሆናሉና።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጀማሪዎች የሚሠሩት ጭስ ከማስተማሪያ ቪዲዮ የተቀዳ የመኪና ፍንዳታ ነው። እዚያው ራያ ላይ ከዚያ የተሻለ መለማመጃ አለ። የተወቃው ማሽላ በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው በክብደቱ ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ እብቁ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል፣ ብናኙ ደግሞ ከሁሉም ርቆ ይጠቀለላል። ሦስቱም በአንድ ነፋስ ውስጥ ናቸው። ስልኩን ከነፋሱ በጎን በኩል አቁሞ መቅረጽ፣ ርቀቱን በእርምጃ መለካት፣ እብቁ ያን ርቀት በስንት ሰኮንድ እንደሚያልፍ መቁጠርና የብሌንደሩን ነፋስ በዚያው ፍጥነት ማስተካከል ይቻላል።