ወባን በፒክስል መቁጠር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ መተማ የሚሄድ መኪና አዘዞን ሳይረግጥ አያልፍም፤ መንገዱ የሚከፈለው እዚያ ነው። ከፍታው 2000 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን ወባማ አካባቢ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበውም ከዚሁ ከፍታ በታች ያለው ነው። ወደ ጣና አቅጣጫ የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከመተማ ቆላ ደግሞ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ የቀን ሠራተኛ ትኩሳቱን ይዞ ይመለሳል። ደምቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 በወባ ወረርሽኝ 7000 ያህል ሰው አጥታለች። በዓመቱ በ1954 ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ እሱ ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም የማይክሮስኮፕ ምርመራ ቦታውን አልለቀቀም። ጣት ተወግቶ የወጣው ደም ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ ባለሙያው ዓይኑን ይተክላል። ፈጣኑ የመመርመሪያ ኪት አለ፤ ሆኖም ኪቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ተሕዋስያን ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝተዋል። ኪቱ «የለም» ሲል ማይክሮስኮፑ «አለ» ሊል ይችላል። ችግሩ የዓይን ድካም ነው፤ አንድን ስላይድ «ነጻ ነው» ለማለት ቢያንስ 100 የእይታ መስክ መፈተሽ አለበት።

እንግዲህ ጎንደር ያለ የኮምፒውተር ተማሪ የሞባይል ካሜራውን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ገጥሞ ይህን ሥራ ላግዝ ቢል ከየት ይጀምር? ብዙው ሰው ወዲያው ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሮጣል። እኔ ግን ከኦፕንሲቪ ይጀምር ባይ ነኝ። ኦፕንሲቪ በኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት የምስል ማቀናበሪያ ትዕዛዞች ስብስብ ነው። ትዕዛዞቹ አንድ በአንድ ይፈጸማሉ፤ የቱ ጋ እንደተበላሸም በዓይን ይታያል።

ለኮምፒውተሩ ፎቶ ማለት ቁጥር ነው። አንድ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 36 ሚሊዮን ቁጥር ይይዛል። የመጀመሪያው ሥራ ይህን መቀነስ ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ ግራጫ የሚያደርግ ትዕዛዝ አለ፤ ለጊምሳ ግን አረንጓዴውን ብቻ ነጥሎ መውሰድ ይሻላል። ሐምራዊ ሆኖ የተነከረው ነገር አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ በዚያ ገጽ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። (ኦፕንሲቪ ቀለሞቹን የሚደረድረው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ብሎ ነው። ይህን ያላወቀ ጀማሪ የሰው ፊት ሰማያዊ ሆኖበት ይደነግጣል፤ አረንጓዴው መሃል ላይ ስለሆነ ግን የእኛ ተማሪ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።)

ቀጥሎ ማጽዳት። ዘጠኝ ጎረቤታሞች ፒክስሎች 181፣ 179፣ 183፣ 180፣ 12፣ 182፣ 178፣ 181፣ 184 ቢሆኑ፣ 12ቷ የካሜራው ስህተት ሳትሆን አትቀርም። አማካይ ብንወስድ 162 ይመጣል፤ አንዷ ብልሽት ሁሉንም ታበላሻለች። ሜዲያን የሚባለው ትዕዛዝ ግን ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ የመሃለኛውን 181ን ይወስዳል፤ 12ቷ ድምጿ አይሰማም። እዚህ ላይ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ቀይ የደም ሴል 70 ፒክስል ስፋት ቢኖረው፣ በውስጡ ያለው የለጋ ወባ የኒውክለስ ነጥብ ከ10 ፒክስል ላይበልጥ ይችላል። የማጽጃውን መስኮት 3 በ3 ካልነው ነጥቡ ይተርፋል፤ 21 በ21 ካልነው ግን ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጠፋል። ስላይዱ ንጹሕ፣ በሽተኛውም ጤነኛ ይመስላል።

ከዚያ ትሬሾልድ ይመጣል፤ ከዚህ ቁጥር በታች ያለው ጥቁር፣ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ይሁን የሚል ፍርድ ነው። ቁጥሩን ማን ይምረጥ? ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ ፎቶው ራሱ እንዲመርጥ ያደርጋል፤ የሚቻለውን መቁረጫ ሁሉ ሞክሮ ሁለቱን ወገን ይበልጥ የሚለያየውን ይወስዳል። ብርሃኑ መሃል ላይ ደምቆ ጠርዙ ላይ ከደበዘዘ ግን አንድ መቁረጫ አይበቃም። ያኔ አዳፕቲቭ ትሬሾልድ እያንዳንዱን ፒክስል ከራሱ ሰፈር አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ቅደም ተከተሉም መዛባት የለበትም፤ ሳያጸዱ የቆረጡ እንደሆነ 12ቷም እንደ ተሕዋስ ትቆጠራለች።

የተቆረጠው ምስል ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩም ጥቁር እንዲሆን ይገለበጣል፤ ከዚያ ኮኔክትድ ኮምፖነንትስ የሚባለው ትዕዛዝ ይቀበለውና የተነካኩትን ነጭ ፒክስሎች እንደ አንድ አካል ቆጥሮ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በመጠን ማበጠር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ትልልቆቹ የነጭ ደም ሴል ኒውክለሶች ወደ አንድ ወገን፣ ደቃቆቹ ወደ ሌላ። በወፍራም የደም ቅብ ላይ 200 ነጭ ሴል እስኪቆጠር 50 ተሕዋስ ከተገኘ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 8000 ነጭ ሴል አለ በሚለው የተለመደ ግምት ስሌቱ 50 ሲባዛ 8000 ሲካፈል ለ200፣ ማለትም 2000 ይሆናል። ባለሙያው በእጁ የሚሠራውም ይህንኑ ሒሳብ ነው።

ደቃቅ የሆነ ሁሉ ግን ወባ አይደለም። ፕላትሌት የተባለው የደም ክፍልም ደቃቅ ነው፣ የረጋ የጊምሳ ፍርፋሪም እንዲሁ። ይህን ለመለየት የሠለጠነ ሞዴል ይጠቅማል። በይፋ ከተለቀቁት የሥልጠና ስብስቦች አንዱ 27,558 የሴል ምስሎች አሉት፤ ደሙ የተወሰደው ግን ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ነው። የጎንደር ላብራቶሪ ቀለም አነካከርና የአምፖል ብርሃን ከዚያ ይለያልና፣ እዚሁ በተነሡ ስላይዶች ሳይፈተን አይታመንም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ክብ ያልሆነን ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጥል ማጣሪያ መጻፍ ቀላል ነው፤ የቆዳ ስፋትና የዙሪያ ርዝመት ማወዳደር ብቻ ይበቃል። ነገር ግን ጋሜቶሳይት በሚባለው የዕድገት ደረጃ ላይ ያለው ፋልሲፓረም ማጭድ ይመስላል፤ ትንኟ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማሻገር የምትችለውም በዚህ ደረጃ ላይ ያለውን ተሕዋስ ከበሽተኛው ደም ጋር ስትወስድ ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ መስመሮች ሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት፣ በየደረጃው ያለውን ምስል በፋይል የሚያስቀምጠው ትዕዛዝ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ «ዜሮ» ሲል ባለሙያው ማጣሪያው የጣላቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ይችላል።