ጃንሆይና የራያ ሜዳ፦ ተረቱና እውነታው

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎብዬ ላይ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን "ጃንሆይ ምን ያድርጉ፣ መኳንንቱ ናቸው የጋረዷቸው" ይላል። ሌላው "ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ እሳቸው ውሻቸውን ጮማ ያበሉ ነበር" ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል፤ አሸናፊ የለውም። ሁለቱ ወገኖች ልብ የማይሉት ግን በአንድ ነገር መስማማታቸውን ነው። የአገሩ ደግም ክፉም ከአንድ ሰው ልብ ይወጣ ነበር ብለው ያምናሉ። የንጉሡን ሥራ ለመመዘን ልባቸውን መመርመር አያስፈልግም። የራያ መሬት በማን እጅ እንደነበረ፣ የችግር ወሬስ በስንት ጠረጴዛ አልፎ ቤተ መንግሥት ይደርስ እንደነበር መጠየቅ ይበቃል።

ጎብዬ ለዚህ ጥያቄ መጥፎ መቆሚያ አይደለችም። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ ከሮቢት በፊት የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በምዕራብ የላስታ ተራሮች ይጋርዷታል፤ በምሥራቅ ሜዳው እስከ ዞብል ተዘርግቷል። በጃንሆይ ዘመን አካባቢው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የራያና ቆቦ አውራጃ ይባል ነበር። የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በ1965 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ ከየቀበሌው ወርዶ የተሰለፈውም በዚሁ መንገድ ዳር ነው።

"ጃንሆይ ረሃቡን አልሰሙም" ከሚለው እንነሣ። የ1964 ክረምት ቶሎ ተቋረጠ፤ የ1965 በልግ ደግሞ ጨርሶ ቀረ። ለቆላው ገበሬ በልግ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። ማሽላው ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆይ ሰብል በመሆኑ በሚያዝያ ካልተዘራ፣ በክረምት የሚዘራው ሌላ ነገር ቦታውን አይተካም። እዚያ አካባቢ ያደገ ሰው የማሽላው አገዳ ከሰው ቁመት ሳይበልጥ ሐምሌ ከገባ ዓመቱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚኒስቴር ሪፖርት አያሻውም። ሪፖርቱም ቢሆን አልጠፋም። የእርሻ ሚኒስቴር የሰብል ግምገማ በ1965 መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ምርት እንደወደቀ አመልክቶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን በአደባባይ እንዲወጣ አልተደረገም። በሚያዝያ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና በግቢያቸው አሳዩ። ንጉሡ ግን ወሎን የጎበኙት በኅዳር 1966 ነው። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ግማሽ ዓመት ይበልጣል።

"ጋረዷቸው" የሚለው ወገን እዚህ ላይ እፎይ ሊል ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ቀድሞ የሆነ አለ። በ1958 ዓ.ም. ወሎን ሌላ ረሃብ መትቷት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የዚያን ረሃብ የመንግሥት ደብዳቤዎች ተከታትለው እንደጻፉት፣ ወሬው ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ተነሥቶ ንጉሡ ዘንድ እስኪደርስ ወደ 300 ቀን ገደማ ፈጅቷል። ሲደርስ የተሰጠው ትእዛዝ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ከወሎ ተጠይቆ እንዲቀርብ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1958 ወሬ እንዴት እንደሚዘገይ ንጉሡ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ አይተዋል፤ ከሰባት ዓመት በኋላም ያው ሰንሰለት እንዳለ ነበር። የሚያስጠይቃቸውም በ1965 መስማት አለመስማታቸው ሳይሆን ሰንሰለቱን እንዳለ መተዋቸው ነው። ዝም ያሉት ደግሞ ሚኒስትሮች ብቻ አልነበሩም። አዲስ አበባ የተቀመጡት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችና የለጋሽ አገሮች ኤምባሲዎችም መንግሥትን ላለማስቀየም ያወቁትን ይዘው ቆይተዋል።

የሞተው ሰው ብዛት እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በጥናት የቀረቡት ግምቶች ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ይላሉ፤ ሌሎች እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል። ሚሊዮን የሚለው ከየትም የመጣ አይደለም፤ የቡና ወሬ ነው።

"ሰማዩ ከነጠፈ ማን ምን ያደርጋል" የሚለው ደግሞ ንጉሡን የሚወዱትም የሚጠሉትም የሚስማሙበት ነው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ ወሎን ጨምሮ ለኢትዮጵያ ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ያገኘው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በረሃቡ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የቀነሰው በ7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚያስበው ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ዋጋው ያልናረው እህል ስለተትረፈረፈ ሳይሆን የተራበው ሰው መግዣ ስላልነበረው ነው። በሬውን ሊሸጥ ሲያወጣ ሁሉም በሬውን አውጥቷል፤ የከብት ዋጋ ወደቀ። በአዋሽ ሸለቆም አፋሩ ለግጦሽ ይወርድበት የነበረው የወንዝ ዳር የጥጥ እርሻ ሆኖበት ከብቱ አለቀ። እንግዲህ አንድ ሰው ጎብዬ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲለምን በአጠገቡ እህል የጫነ መኪና ሊያልፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን የዝናብ እጥረት ብቻውን አያመጣውም።

የራያ ገበሬ በአንድ ክፉ ዓመት ለምን እንዲህ ባዶ እጁን እንደቀረ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጥጋቡም ረሃቡም ያለው መሬቱ ላይ ነው።

በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. የተነሣውን የወያኔ አመፅ ዛሬ ብዙ ሰው የትግራይ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። የራያና የአዘቦ ገበሬ ግን በአመፁ ውስጥ ከዳር አልነበረም፤ በግብር ጫናና በሹማምንት ምዝበራ ተማርሮ ቀድሞ ከሸፈተው ወገን ነው። የአመፁ መሪ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ነበሩ፤ መንግሥት የላከው ጦር በራስ አበበ አረጋይ ይመራ ነበር። "ጃንሆይ አየር ኃይላቸውን አዘው መቀሌን አስደበደቡ" የሚለውም መታረም አለበት። ንጉሡ ያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ አየር ኃይል አልነበራቸውም። በመስከረም 1936 መጨረሻ መቀሌን የደበደቡት ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው። በእርግጥ የጠየቁት ንጉሡ ስለሆኑ ይህ እርማት ከኃላፊነት አያወጣቸውም።

ለራያ ግን ከቦምቡ ይልቅ የቆየው ቅጣት ሌላ ነው። አመፁ ከተገታ በኋላ ከራያና ከአዘቦ ለም ሜዳ ብዙው ተወርሶ ለመንግሥት ታማኞች ተሰጠ። ትናንት የአባቱን መሬት ያርስ የነበረ ሰው የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆነ፤ ምርቱን ለባለመሬት አካፍሎ የተረፈውን ጎተራ ያስገባ ጀመር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በልግ ሲቀር ያ ጎተራ ምን ያህል ሊይዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። "ጃንሆይ ለድሃ መሬት ሰጪ ነበሩ" የሚለው ውዳሴም በዚሁ መዝገብ ይፈተን። መሬት ሰጥተዋል፤ ከሰጡት የበዛው ግን ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለመኳንንት ነው። በ1958 የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። እዚያው ቀረ። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ባለመሬቶች ስለነበሩ መቅረቱ አያስገርምም። በኅዳር 1966ቱ ጉብኝት ንጉሡ በረሃቡ ምክንያት መሬታቸውን ሸጠው ወይም አስይዘው የተሰደዱ ገበሬዎች ተመልሰው እንዲያርሱት ፈቀዱ። ለአንድ የምርት ዘመን የተሰጠ ፈቃድ እንጂ የመሬት ሥሪት ለውጥ አልነበረም።

"ዘውዱን ያለ ደም ወረሱ" የሚለውን ከዚህ ሜዳ የሚያይ ሰው ፈገግ ይላል። ከ1920 ጀምሮ ራያና አዘቦ ሸፍተው ነበር። አመፁን እንዲያበርዱ የታዘዙት የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። ዘመቻቸው ሳይሳካ ቀረ፤ ከአማፂው ጋር ተመሳጥረዋል ተብለው ተጠረጠሩ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ሸፈቱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የተገናኛቸው በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ የሚመራው የመንግሥት ጦር ነው። አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣ ወደቁ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ጃንሆይ፣ አስመረዟቸው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ንግሥቲቱ ግን ቀድሞም በስኳር በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ በዚያ ላይ ትኩሳት ተጨምሮባቸው ነበር። የመርዙን ነገር የሚያስረዳ ማስረጃ እስካሁን አልቀረበም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 በጊዮርጊስ የተደፋው ዘውድ መንገዱ የተጠረገው በራያ አመፅና በአንቺም ጦር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአንቺም ልክ በስድስት ዓመቱ፣ በዚያው መጋቢት 22፣ ከጣሊያን ጋር የማይጨው ጦርነት ሆነ። እዚህ ላይ ያለው ተረት አጭር ነው፤ "ተሸነፉ፣ ባቡር ይዘው ሸሹ"። ንጉሡ ማይጨው ላይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተዋግተዋል። ሲያፈገፍጉ ሠራዊታቸው አሸንጌ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ አለቀ። ከዚያ ወደ ላሊበላ ተሻግረው ሲጸልዩ ሰነበቱ፤ ወደ ደሴ ሲያመሩ ደሴ ቀድማ ተይዛ ቆየቻቸው። አዲስ አበባ የደረሱት ሚያዝያ 22 ነው። በምክር ቤቱ ሃያ አንዱ ይውጡ፣ ሦስቱ አይውጡ አሉ፤ ሚያዝያ 24 በባቡር ተነሡ። መውጣታቸው ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ዛሬም መከራከር ይቻላል። በእኔ ግምት ጄኔቫ ላይ ያሰሙት ንግግር ጫካ ገብተው ሊሠሩት ይችሉ ከነበረው ያነሰ አልነበረም። የአርበኛ ልጅ ይህን ባይቀበለው ግን አልፈርድበትም።

ከማይጨው በተደረገው ሽሽት ላይ ከራያና ከአዘቦ የተወሰኑት በጣሊያን ጠመንጃና ገንዘብ ተመላሹን ጦር ማጥቃታቸው እውነት ነው። "ራያ ከሃዲ ነበር" ብሎ መደምደም ግን ከ1920 እስከ 1922 የወረደበትን የቅጣት ዘመቻ መርሳት ነው። ጣሊያን ቂሙን አልፈጠረውም፤ ተዘጋጅቶ ቆየው።

ወደ ውሻዋና ወደ ጮማው እንመለስ። 80ኛው የልደት በዓል በታላቅ ድግስ የተከበረው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። የ1964 ክረምት ገና መጀመሩ ነበር፤ ሕዝቡ በብዛት ያለቀው በቀጣዩ ዓመት ነው። ድግሱ አልበዛም ማለቴ አይደለም፤ በዝቷል። ሬሳ እየተነሣ ግን አልተደገሰም። ሁለቱን ያገናኛቸው ፊልም ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸው ዘገባ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በ1967 መባቻ፣ በዕንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከውሾች ቀለብ ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያን ማታ ጎብዬ ላይ ቴሌቪዥን ያየ ሰው አልነበረም፤ ምስሉ እዚህ የደረሰው በጆሮ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ዓይን ካየው ይልቅ ጸንቶ ቀርቷል።

"የወሎ ረሃብ ጣላቸው" የሚባለውም በግማሹ ነው። ወንበሩን የነቀነቀው መጀመሪያ ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ላይ በምግብና በውሃ ምክንያት ያመፀው ወታደር ነው። በየካቲት ነዳጅ ስለተወደደ የታክሲ ሾፌሮች አደሙ፤ መምህራንም በትምህርት ማሻሻያው ተቃውሞ ሥራ አቆሙ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ደርግ የተመሠረተው ሰኔ 21 ነው። የራያ ገበሬ በእነዚህ ወራት ሰልፍ አልወጣም፤ ከረሃቡ የተረፈው ዘር ፍለጋ ላይ ነበር። ረሃቡ ለአማፂዎቹ መክሰሻ ሰጣቸው፤ ማመፂያ የሰጣቸው ደመወዝና ነዳጅ ነው።

አንድ የቀረ ስህተት አለ፤ ከሁሉም የተስፋፋው እሱ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ በንጋት ጭጋግ የተቀመጠውን እልፍ ሕዝብ የሚያሳየውን ምስል ብዙ ወጣት "የጃንሆይ ጊዜ ረሃብ" እያለ ይቀባበለዋል። ያ ምስል በጥቅምት 1977 መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ነው። ኮረም ከጎብዬ በቆቦና በአላማጣ በኩል በዚያው መንገድ ሽቅብ ናት። ጃንሆይ በደርግ እጅ ከሞቱ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ መሬትም ከየካቲት 1967 አዋጅ ወዲህ ከባለመሬት እጅ ወጥቷል። ከአንድ ወር በፊት፣ በመስከረም 1977፣ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ሰንብቷል። ስለዚያ ድግስ ጎብዬ ላይ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።